ስለ ሮዛ ቦነርና ስለ አሥራ ሁለቱ በሬዎቿ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። የክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የታተመ ሥዕል ተሰቅሏል። እርሻ ላይ ያሉ በሬዎች ናቸው። ልጁን ሊያደርስ የመጣ ወላጅ ሁሉ እሱ ፊት ይቆማል። ገበያ ውሎ የሚመለስ ገበሬም፣ የኮሌጅ ተማሪም፣ ሻይ ልታመጣልን የገባች ልጅም የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። ሁልጊዜ ቆሜ ከማወራ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሥዕል ምንድን ነው? ማንስ ሣለው?

«እርሻ በኒቨርኔ» ይባላል። የሣለችው ፈረንሳዊቷ ሮዛ ቦነር ናት። ዓመቱ 1849 ነው። ኒቨርኔ መሀል ፈረንሳይ ያለ፣ በከብቱ የታወቀ የገበሬ አገር ነው። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 1.33 ሜትር፣ ወርዱ ደግሞ 2.60 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ማረሻ ተከታትሎ ሲያርስ ይታያል። እያንዳንዱን የሚስበው ስድስት በሬ ነው። ወቅቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ያለው መኸራቸው ነው፤ የሚያርሱትም የመጀመሪያውን እርሻ፣ እኛ ገመሳ የምንለውን።

ያዘዛት የፈረንሳይ መንግሥት ነው። የተከፈላት 3,000 ፍራንክ ነበር። ሥዕሉ ለሕዝብ ሲታይ ገና 27 ዓመቷ ነው።

በሬዎቹ ሻኛ የላቸውም። ረስታው ነው?

ይህን ያልጠየቀኝ የገጠር ሰው የለም ማለት ይቻላል። አልረሳችውም። የኛ በሬ ሻኛ አለው፤ የአውሮፓ ከብት ግን ዘሩ ሌላ ነው፣ ጀርባው ለጥ ያለ ነው። እነዚህ ሻሮሌ የሚባለው የዚያ አካባቢ ዝርያ ናቸው። የሻሮሌ ኮርማ ዛሬ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የኛ አራሽ በሬ 300 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ደህና በሬ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን አስቡት።

ሻኛ አለመኖሩ ደግሞ አጠማመዱንም ለውጦታል። እኛ ቀንበሩን አንገቱ ላይ፣ ከሻኛው ፊት እናሳርፈዋለን፤ በሬው ሲገፋ ሻኛው ይይዘዋል። እነሱ ግን መያዣ የላቸውም። ስለዚህ ቀንበሩን ራሱ ላይ፣ ቀንዱ ሥር በጠፍር ያስሩታል፣ በሬውም በግንባሩ ነው የሚጎትተው። ሥዕሉን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ራሳቸው ዝቅ ብሎ አንገታቸው የተገተረው ለዚህ ነው። ሮዛ ይህን ከልቧ አላመጣችውም። እዚያ ሄዳ፣ ጭቃው ውስጥ ቆማ አይታው ነው።

ለአንድ ማረሻ ስድስት በሬ ምን ያደርጋል?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው አርሶ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ። እኛ ጋ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ነው። አንድ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ፣ ሕይወት ይቀጥላል። ስድስት በሬ በአንድ ማረሻ ሲያይ ሰው «ይሄ ጌታ ነው» ይላል።

ነገሩ ያለው መሣሪያው ላይ ነው። የኛ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ወገሉ ማረሻውን ይይዛል፣ ድግሮቹ አፈሩን ግራና ቀኝ ይገፋሉ፣ እርፉን የያዘው ሰው ጥልቀቱን በእጁ ይመጥናል። ቀላል ነው፤ ገበሬው በትከሻው ተሸክሞት ዳገት ይወጣል፣ ድንጋይ ሲያገኝ ብድግ ያደርገዋል። ለወሎ ተረተርና ገደላማ መሬት እሱ ነው የሚሆነው። ግን ስለማይገለብጥ ያንኑ መሬት ደጋግሞ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ማረስ ያስፈልጋል። የእነሱ ማረሻ ከባድ ነው፤ ከፊት መቁረጫ ቢላ አለው፣ ከጎን ደግሞ የተቆረጠውን አፈር ሙሉ በሙሉ የሚገለብጥ ጠምዘዝ ያለ ክንፍ አለው። አንዴ ሲያልፍ ሣሩ ታች፣ የታቹ አፈር ላይ ይሆናል። እርጥብና ከባድ መሬትን፣ ያውም ከርሞ የጠነከረውን፣ እንዲህ አድርጎ ለመክፈት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ስድስቱ በሬ ለዚህ ነው።

አሁን የሥዕሉን ታችኛ ክፍል እዩት። አፈር ብቻ ነው። ተገልብጦ የተደረደረ፣ እርጥበቱ የሚያበራ፣ ሥሩና ሣሩ የሚታይ ጓል። አንዲት ወጣት ሠዓሊ መንግሥት ባዘዛት ሥዕል ላይ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነውን ቦታ ለጓል ሰጠችው። ያንን አፈር ሳየው ዝናብ ካባራ በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሽታ ይመጣብኛል።

ገበሬዎቹ ለምን በደንብ አይታዩም?

ሆን ብላ ነው። ሰዎቹ አሉ፤ በሬ ነጂዎቹ ረጅም መንጃ በትር ይዘው ከጎን ይሄዳሉ፣ ግን አብዛኛው አካላቸው በበሬዎቹ ተከልሏል። የዚያ ዘመን ሠዓሊ ከብት ሲሥል ብዙ ጊዜ ለጌጥ ነበር፤ ዋናው ጌታው፣ ወይ ጦርነቱ፣ ወይ መልክዓ ምድሩ ይሆናል። ሮዛ ገለበጠችው። የሚሠራው በሬው ነው፣ ስለዚህ የሚታየውም በሬው ነው።

ከፊት ለፊታችን ካሉት መሀል አንዱ ደግሞ ዓይኑን ወደ እኛ አድርጓል። ሌሎቹ መንገዳቸውን ያያሉ፣ እሱ እኛን። የዓይኑን ነጭ፣ የሽፋኑን እጥፋት፣ አፍንጫው ላይ ያለውን እርጥበት ሠርታዋለች። ልጆቹን «ምን እያለ ነው?» እላቸዋለሁ። በየሳምንቱ መልሳቸው ይለያያል። አንዱ «ውሃ ጠምቶኛል» አለ፤ ሌላዋ «ምን ታያላችሁ?» ነው የሚለው አለች።

ሴት ልጅ በዚያ ዘመን እንዴት ሠዓሊ ሆነች?

ሮዛ በ1822 ቦርዶ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሠዓሊና የሥዕል መምህር ነበር፣ ገንዘብ ግን አልነበረውም። እናቷ ፒያኖ ታስተምር ነበር። ሮዛ ፊደል እምቢ ያለች ልጅ ናት፣ ማንበብ አልሆንልሽ አላት። እናቷ ምን አደረገች መሰላችሁ? ለእያንዳንዱ ፊደል በስሙ የሚጀምር እንስሳ እንድትሥል አደረገቻት። ልጅቷ በሥዕል በኩል ፊደል ቆጠረች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ልጆቹ ላይ ሞከርኩት። «በ» ስል በሬ፣ «ፈ» ስል ፈረስ፣ «ግ» ስል ግመል ይሥላሉ። «ዠ» ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ «ዥግራ!» ብላ ጮኸች። ሥዕሏ እስካሁን አለኝ፤ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ቆጥራ ነው የሠራችው።

እናቷ በ1833 ሞተች። ሮዛ 11 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ተባረረች፤ ልብስ ስፌት እንድትማር ቢሰጧትም አልሆነላትም። በመጨረሻ አባቷ ራሱ ሊያስተምራት ወሰነ። ልብ በሉ፤ የፓሪሱ ትልቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1897 ነው። እሷ ያኔ 75 ዓመቷ ነበር። እናም ትምህርት ቤቷ የአባቷ ክፍልና የሉቭር ሙዚየም ሆኑ። ሉቭር እየሄደች የድሮ ጌቶችን ሥራ ትገለብጥ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ በግ፣ ጥንቸል፣ ወፍ ታረባለች። ፎቅ ላይ በረንዳ ላይ ያኖሩትን በግ ወንድሟ በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን እያወረደ ያሰማራው ነበር ይባላል።

በ19 ዓመቷ፣ በ1841፣ ካሮት የሚበሉ ጥንቸሎች ሥላ ሳሎን ላይ አቀረበች። ሳሎን ስል የቤታችንን ሳሎን አይደለም። ፓሪስ ውስጥ በዳኞች እየተመረጠ የሚቀርብ ትልቅ የመንግሥት የሥዕል ትርኢት ነው፤ እዚያ ያልታየ ሠዓሊ እንጀራ የለውም። በ1848 በዚያው ሳሎን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። የበሬዎቹ ሥዕል ትእዛዝ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የሚያሳዝነው አባቷ መጋቢት 1849 ላይ ሞተ፤ ልጁ በዚያ ሥዕል የደረሰችበትን አላየም። እሱ ይመራው የነበረውን የሴቶች የሥዕል ትምህርት ቤት እሷ ተረከበችው።

ቄራ ትውል ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፓሪስ ያለ ቄራ እየሄደች፣ ደም በሚፈስበት ቦታ ተቀምጣ ትሥል ነበር። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ሄዳ የተከፈተ አካል አጥንታለች። ሲሰሙት ይከብዳል። እንስሳ ለምትወድ ሰው ደግሞ ይብስ ይከብዳል። ግን ቆዳው ሥር ያለውን ጡንቻና አጥንት ሳያውቁ ሲራመድ የሚታመን በሬ መሥራት አይቻልም። ከብት ሲታረድ አጠገቡ ሆኖ ያየ የገጠር ልጅ ይህ ይገባዋል፤ የትኛው ሥጋ ከየትኛው አጥንት ጋር እንደሚያያዝ ከመጽሐፍ በፊት ያውቃል። ሮዛ ያንን እውቀት ፍለጋ ነው የሄደችው።

ሱሪ ለመልበስ ከፖሊስ ፈቃድ አወጣች የሚባለውስ?

እሱም እውነት ነው፤ ታሪኩም ከሌላ ትልቅ ሥዕል ጋር የተያያዘ ነው። ከበሬዎቹ በኋላ «የፈረስ ገበያ» የሚባለውን ሥራ ጀመረች። ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሰፊ ጎዳና ላይ፣ በዛፎቹ ሥር፣ የፈረስ ገበያ ይቆም ነበር። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ እዚያ እየሄደች ትሥል ነበር። ቀሚስ ለብሳ ብትሄድ ነጋዴውም ደላላውም አያስቆማትም፣ ጭቃውም አያስኬዳትም። በ1800 የወጣ የፓሪስ ፖሊስ ትእዛዝ ደግሞ ሴት የወንድ ልብስ ለመልበስ ፈቃድ ታውጣ ይል ነበር። እሷም አወጣች። የሐኪም ፊርማ ነበረበት፣ በየስድስት ወሩ ይታደስ ነበር፣ ቲያትርና ጭፈራ ቤት ለብሳ እንዳትሄድም ይከለክላል።

ሰኞ ባቲ ሄዳችሁ ግመል ተራው መሀል ቆማችሁ ታውቃላችሁ? አንዴ ደብተሬን ይዤ ሄጄ ነበር። አቧራው፣ የግመሉ ማጉረምረም፣ ከቆላ ለመጡት አፋሮች ዋጋ የሚተረጉመው ደላላ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚደረገው ድርድር፣ ከኋላችሁ ሳይነገር የሚመጣው ኮርማ። ሁለት መስመር ሳላሰምር ሦስቴ ገፈተሩኝ። ደብተሩን የያዝኩበትን ምክንያት ለስንት ሰው አስረዳሁ። ያን ቀን ነው ሮዛ በደንብ የገባችኝ። ገበያ ውስጥ ለመሥራት መጀመሪያ ሰው የማያይህ መሆን አለብህ። ሱሪው ለዚያ ነው። ለመታየት ብላ የለበሰችው አልነበረም።

«የፈረስ ገበያ» በ1853 ሳሎን ላይ ታየ። በዚያው ዓመት እኛ ጋ የየጁው ራስ ዓሊ በአይሻል ጦርነት ድል ሆነው ዘመነ መሳፍንት ወደ ማብቂያው ደርሶ ነበር። ሥዕሉ ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። ፔርሼሮን የሚባሉ ግዙፍ የጭነት ፈረሶች ናቸው። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡላው እየተሽከረከረ ያልፋል፤ አንዳንዱ ሁለት እግሩን አንሥቶ ነጂውን ሊጥል ነው። ንጉሥን እንኳ በፈረሱ ስም፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ለሚጠራ ሕዝብ ያ ሥዕል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሥዕል ገንዘብ አገኘች?

በጣም አገኘች። «የፈረስ ገበያ»ን መጀመሪያ ለትውልድ ከተማዋ ለቦርዶ አቅርባ ነበር፣ ከተማዋ አልገዛችም። ኤርነስት ጋምባር የሚባል የለንደን ነጋዴ በ40,000 ፍራንክ ገዛት። ለበሬዎቹ ከተከፈላት ከአሥራ ሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ያውም በጥቂት ዓመታት ልዩነት። ነጋዴው ሥዕሉን እንግሊዝ አገር እየዞረ አሳየ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ቤተ መንግሥቷ ድረስ አስመጥታ አየችው። ከሥዕሉ ላይ የተሠራው ኅትመትም በየቤቱ ገባ። በኋላ አሜሪካ ተሻግሮ በ1887 ኮርነሊየስ ቫንደርቢልት የሚባለው ባለጸጋ ከ50,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶ ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠው።

ሮዛ በገንዘቧ ፎንተንብሎ ጫካ አጠገብ፣ ቢ በምትባል መንደር ትልቅ ግቢ ገዛች። ሴት ልጅ በራሷ ሥራ፣ በራሷ ስም። በ1865 የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን ሳልሳዊ ሚስት እቴጌ ኤውጄኒ ራሷ ቤቷ ድረስ መጥታ ሌዥዮን ዶነር የሚባለውን የፈረንሳይ የክብር ኒሻን አጠለቀችላት። ኒሻኑን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊ ናት።

አግብታ ነበር? ልጅስ?

አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ከልጅነቷ ጀምራ ከምታውቃት ከናታሊ ሚካስ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። ናታሊም ሠዓሊ ነበረች፤ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ባለው አነስ ያለ የ«ፈረስ ገበያ» ቅጂ ላይ የእሷም እጅ አለበት። ናታሊ በ1889 ስትሞት ሮዛ በሐዘን ተጎዳች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አና ክሉምፕኬ የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ መልኳን ልትሥል መጥታ አብራት ቀረች። ንብረቷን ያወረሰችው ለአና ነው። ሮዛ በግንቦት 1899፣ ከአድዋ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ በ77 ዓመቷ ሞተች።

አንበሳ ታሳድግ ነበር?

አዎ፤ አንበሳ፣ አጋዘን፣ ጦጣ፣ ፈረስ፣ በግ፣ ፍየል ነበሯት። ግቢው ሙሉ የሞዴል ቤት ነበር ማለት ነው። በሬ ለመሣል በሬ ጋ እንደሄደችው ሁሉ፣ አንበሳ ለመሣል አንበሳውን ቤቷ አመጣችው። በ1889 ደግሞ ቡፋሎ ቢል የሚባለው አሜሪካዊ ፈረሰኛ ትርኢቱን ይዞ ፓሪስ ሲመጣ ሰፈሩ ድረስ ሄዳ እሱንም ፈረሶቹንም ጎሾቹንም ሣለች።

ይህን ያህል ታዋቂ ከነበረች ዛሬ ለምን ስሟን አልሰማንም?

ዘመኑ ጥሏት ሄደ። እሷ በሕይወት እያለች እነ ሞኔ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሠዓሊዎች በፈጣን የብሩሽ አጣጣልና በብርሃን አዲስ መንገድ አመጡ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ተመልካች እንደ ፎቶ የተሠራ በሬ ሲያይ «ያረጀ ነው» አለ። በ1970ዎቹ የሴት ሠዓሊዎችን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ስሟን መልሰው አነሱት፣ በ2022 ደግሞ ሁለት መቶኛ ዓመት ልደቷን ምክንያት በማድረግ ቦርዶና ፓሪስ ትልቅ ትርኢት ተዘጋጀላት። በእኔ በኩል አረጀ የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም። የሚያርስ በሬ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው ያ ሥዕል ፎቶ የሚመስለው። ፎቶ የበሬውን ክብደት እንደዚያ አይነግራችሁም።

የእንስሳ ሥዕል ቁም ነገር ነው ወይ?

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ ምክንያቱም ተማሪዬ ላይ ደርሷል። አንዲት ልጅ የእናቷን ላም ሦስት ሳምንት ለፍታ ሣለች። ጡቷ፣ ጥጃው፣ የታሰረችበት ገመድ፣ ሁሉም አለ። ለአንድ ውድድር ስታቀርብ «ቁም ነገር ያለው ርዕስ ይዘሽ ነይ» ተብላ ተመለሰች። ልጅቷ ሁለት ወር ሥዕል አልነካችም። ያቺ ላም እኮ የቤቱ ጉሮሮ ናት! ወተቷ ተሽጦ ነው ደብተር የሚገዛው። ከዚህ በላይ ምን ቁም ነገር አለ?

ደግሞስ ወሎ ውስጥ ሆነን እንዴት ይህን እንጠይቃለን? ላሊበላ ሂዱ። ቤተ ማርያም ውስጥ የሚዋጉ ሁለት በሬዎች ተሥለዋል፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር። አስጎብኚዎቹ የመልካምና የክፉ ትግል ነው ይሏችኋል። የጥንቱ ሠዓሊ ትልቁን ሐሳብ ለማሳየት ንጉሥ አልፈለገም፣ በሬ በቃው።

ልጄ እንስሳ መሣል ትወዳለች። ከየት ትጀምር?

ከስልክ ላይ ካለ ፎቶ አትጀምር። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ደጃችሁ ላይ ፍየል፣ አህያ፣ ዶሮ አለ። ሮዛም የጀመረችው ከጥንቸል ነው።

መጀመሪያ የተኛ እንስሳ ይሻላል። በሬ ሆዱን ሞልቶ ተኝቶ ሲያመሰኳ ግማሽ ሰዓት አይነቃነቅም፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ ሞዴል የለም። ከሰል ከምድጃ፣ ወረቀት ደግሞ ከየትም ይገኛል፣ ውድ ቀለም አያስፈልጋትም። ከዓይን እንዳትጀምር ንገሯት፤ ልጅ ሁሉ ዓይን ሥሎ ነው በሬውን የሚከተለው፣ ከዚያ ገላው ይጠብበታል። የጀርባውን መስመር ከቀንድ እስከ ጭራ በአንድ እስትንፋስ ታስምር። ከዚያ የኋላ እግር። የኋላ እግር ላይ ሁሉም ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ የሚታጠፈው መጋጠሚያ ጉልበት ይመስለናል። ጉልበቱ ከሆዱ አጠገብ፣ ወደ ላይ ነው፤ ያ የምናየው ቁርጭምጭሚቱ ነው። የራሷን ቁርጭምጭሚት እየነካች ትየው፣ ወዲያው ይገባታል።

ሮዛ ትልቁን ሥዕል ከመጀመሯ በፊት እያንዳንዱን እንስሳ ለየብቻ ደጋግማ ታጠና ነበር። አንድ ጆሮ ብቻ፣ አንድ ሰኮና ብቻ። ልጃችሁ ሙሉ ገጽ ጆሮ ብትሥል «ምንድን ነው ይሄ?» ብላችሁ አታስቁሟት። ከፍ ብላ በዚሁ ልግፋ ካለች ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ መግቢያ ፈተና ላይ ሕያው ነገር አይታ የሠራችበት ደብተር ያግዛታል።

ዋናውን ሥዕል የት ማየት ይቻላል?

በሬዎቹ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ናቸው። ድሮ የባቡር ጣቢያ የነበረ ሕንፃ ነው፣ በ1986 ሙዚየም ሆነ። ሰኞ ዝግ ነው። ፈረሶቹ ኒው ዮርክ ናቸው። የቢ ግቢዋም ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ዘመድ ፓሪስ ያላችሁ ደውላችሁ ሄዶ እንዲያይላችሁ አድርጉ። እኔ ያለኝ ኅትመት ነው፣ እሱም ፀሐይ እያገኘው ጫፉ ወይቧል።

የሚያርስ ሰው ሥዕሉን አይቶ ምን አለ?

አጎቴ ከኩታበር ለሕክምና መጥቶ ነበር። ዕድሜ ልኩን አርሷል። ቅዳሜ ስለነበር ይዤው ክፍል ገባሁ፤ ልጆቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። አልተቀመጠም። በትሩን ተደግፎ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ዝም ብሎ ቆጠረ። «አሥራ ሁለት» አለ። ቀጥሎ «ይሄን ሁሉ ማታ ማን ያበላዋል?» አለ። ልጆቹ ፀጥ ብለው ያዩታል።

ከዚያ ወደዚያ ወደሚያየን በሬ ተጠጋ። «ይሄ ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

ስም እንዳልተጻፈላቸው ነገርኩት። አልተዋጠለትም። «በሬ ስሙ ሳይጠራ እንዴት ይነዳል? ጅራፉ እኮ ለማስፈራሪያ ነው፣ የሚሰማው ስሙን ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያ በመሀል ፈረንሳይ አገርም ገበሬው እያረሰ ለበሬዎቹ ያዜምላቸው ነበር። ይህን ስነግረው ደስ አለው። «እንዴት እያለ?» አለኝ። ዜማውን አላወቅሁትም። እሱ ግን የራሱን፣ ጠዋት ቀንበር ሲያነሳ የሚላትን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አወጣት። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ልጅ አለ፣ የሚተነፍስ አልነበረም።

ከዚያ አንድ በአንድ በጣቱ እየጠቆመ ስም አወጣላቸው። ወርቄ፣ መኩሪያ፣ ሸጋው፣ ቀዮ... አንዷ ልጅ እየተከተለች በወረቀት ጻፈች። አሥራ አንዱን ጨርሶ ወደሚያየን በሬ ተመለሰና ትንሽ ቆየ። «አለኝታ» አለ። ወረቀቱን ሥዕሉ ሥር ለጥፈነዋል።